«አፕስቴርስ» ሲባል የትኛው ላይ ነው?

የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን በቸርችል ጎዳና በሚገኝ አንድ ሕንፃ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ባለ ቢሮ፣ በእንግዳ ተቀባይነት ይሠራሉ። እንግሊዛዊው የቢሮ ኃላፊ አንድ የክፍያ ጉዳይ ሲቀርብላቸው «በዚህ ላይ ከአፕስቴርስ ጋር መነጋገር አለብኝ» ሲሉ መለሱላቸው፤ ከቢሮው በላይ ግን ጣሪያና ሮቶ እንጂ ሌላ ፎቅ የለም። ጠያቂያችን ከዚህ በመነሣት ቃሉ በትክክል ምን ማለት እንደሆነ፣ «ጎ ቱ አፕስቴርስ» ሲሉ ለምን እንደሚታረሙ፣ እንዲሁም በሕንፃው መግቢያ ለውጭ አገር እንግዶች በሚለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ይህንኑ ቃል መጻፍ ተገቢ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ኃላፊዎ ስለ ሕንፃው አልተናገሩም፤ ስለ አለቆቻቸው ነው የተናገሩት፤ አለቆቹም ለንደን ወይም ናይሮቢ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ይህን ብቻ መልሶ ማለፍ አይበጅም፤ ምክንያቱም ሦስቱም ጥያቄዎች የሚነሡት ከአንድ ምንጭ ነው። እኛ «አፕስቴርስ» የሚለውን ቃል ስንሰማ በአእምሯችን የምንተካው «ፎቅ» በሚለው ነው፤ «ፎቅ» ደግሞ የነገር ስም ነው፤ ይቆጠራል፣ ይሠራል፣ ይከራያል፣ ይፈርሳል። «አፕስቴርስ» ግን በመሠረቱ የነገር ስም አይደለም። ተናጋሪው ካለበት ቦታ ተነሥቶ በደረጃ ሲወጣ የሚደረስበትን አቅጣጫና ስፍራ የሚያመለክት ቃል ስለሆነ፣ ተናጋሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚያመለክተው ቦታም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለቆመ ሰው ሦስተኛው «አፕስቴርስ» ነው፤ አራተኛው ላይ ለቆመ ሰው ያው ሦስተኛው ፎቅ «ዳውንስቴርስ» ይሆናል። የሚገርመው፣ «ፎቅ» ራሱ ወደ እኛ የመጣበት የዐረብኛ ቃል ትርጉሙ «በላይ» ብቻ ነው። ዐረብኛው አቅጣጫ የነበረውን አማርኛችን ተቀብሎ ግንብ አደረገው፤ እንግሊዝኛው ግን ቃሉን ከአቅጣጫነቱ ብዙም ሳያርቅ እስከ ዛሬ ይዞታል።

ወደ ሰዋስው እንግባ። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው በተውሳከ ግሥነት ነው፤ ማለትም «ወዴት ሄደ?» ወይም «የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በራሱ ሙሉ መልስ ይሆናል። «ወደ» የሚለው ትርጉም በቃሉ ውስጥ አስቀድሞ አለ። «ጎ ሆም»፣ «ካም ሂር» ሲባል «ቱ» እንደማይገባ ሁሉ «ጎ አፕስቴርስ» ሲባልም አይገባም። በአማርኛ «ወደ ላይ ውጣ» ስንል «ወደ» የግድ ስለሚያስፈልገን ያንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛው ይዘን እንሻገራለን፤ ጠያቂያችንን የሚያሳርማቸውም ይኸው ነው። «ሺ ኢዝ አፕስቴርስ» ሲባልም እንዲሁ «ኢን» ወይም «ኦን» አይጨመርበትም። በፒያሳና በአራት ኪሎ ካፌዎች ደረጃ ሥር «ተጨማሪ መቀመጫ ፎቅ ላይ አለን» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የሚፈልግ ባለቤት «ሞር ሲቲንግ አፕስቴርስ» ብሎ ቢጽፍ በቂ ነው፤ ግሥም መስተዋድድም አያሻውም። በአንጻሩ «ፍሮም» ከፊቱ ይገባል፤ ከላይ የመጣ ድምፅ «ፍሮም አፕስቴርስ» ተብሎ ይነገራል። ከመነሻ ሲሆን መስተዋድዱ ያስፈልጋል፤ ከመድረሻ ሲሆን አያስፈልግም።

ቅጽል ሲሆን ከስሙ በፊት ይቀመጣል፤ «አን አፕስቴርስ ሩም» ማለት ላይኛው ቤት ያለ ክፍል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አነባበቡም ይለወጣል። ብቻውን ሲነገር የሚጠነክረው «ስቴርስ» የሚለው ክፍል ሲሆን፣ ከስም በፊት ሲመጣ ግን ጥንካሬው ወደ «አፕ» ይሸሻል። ስም ሆኖ ሲያገለግል ደግሞ «ዘ» ይቀድመዋል፤ ትርጉሙም የአንድ ቤት የላይኛው ክፍል በሙሉ ማለት ይሆናል፤ ለምሳሌ «ዘ አፕስቴርስ ኒድስ ፔይንቲንግ» ብንል የቤቱ ላይኛው ክፍል ቀለም መቀባት ያስፈልገዋል ማለታችን ነው። ግሡ በነጠላ መሆኑን ልብ ይበሉ። በቃሉ መጨረሻ ያለው «ስ» ከደረጃዎቹ ብዛት የመጣ እንጂ የፎቆቹን ብዛት የሚያሳይ አይደለም፤ ስለዚህ «ያለን አንድ ፎቅ ብቻ ነው» በማለት «ስ»ን መቁረጥ፣ በብዙ ማስታወቂያዎች ላይ እንደማየው «አፕስቴር» ብሎ መጻፍ፣ ከስሕተት ይቆጠራል። አንድ ቃል ስለሆነም ተለያይቶ አይጻፍም።

ተለያይቶ የሚጻፈውና መካከሉ «ዘ» የሚገባበት «አፕ ዘ ስቴርስ» ሌላ ነገር ነው። ይህኛው ዓይንን በደረጃው ላይ ያሳርፋል፤ አንድ ሰው እያለከለከ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ አንድ በአንድ ሲረግጠው የሚታየን ደረጃውን ነው። «አፕስቴርስ» ግን ደረጃውን ረስቶ መድረሻውን ብቻ ያያል። ስለዚህም በሊፍት ወጥቶ «አይ ዌንት አፕስቴርስ» ማለት ፍጹም ትክክል ሲሆን፣ በሊፍት ለወጣ ሰው «አፕ ዘ ስቴርስ» ማለት ውሸት ይሆናል። ደረጃው በሕንፃ ውስጥም ይሁን በውጭ ለውጥ የለውም፤ በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹ ከፈረሱት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች መካከል በግቢው በኩል በእንጨት ደረጃ ወደ በረንዳው የሚወጣባቸው ነበሩ፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፤ ላይኛው «አፕስቴርስ» ነው። ነገር ግን መድረሻው የሕንፃ ክፍል መሆን አለበት። ገላጣ ኮረብታ ላይ በድንጋይ ደረጃ መውጣት «አፕስቴርስ» አይባልም፤ ጣሪያ ላይ ሮቶ ሊያጥብ የወጣ ሠራተኛም «ኦን ዘ ሩፍ» እንጂ «አፕስቴርስ» አይደለም። አውቶቡስ ግን ይባላል። በብሪታንያ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይኛው ክፍል «አፕስቴርስ» ነው፤ እኛም ባለ ፎቁን አውቶቡስ በከተማችን ስላየን ይህ አጠቃቀም እንግዳ አይሆንብንም።

ቃሉ በንግግር የሚሸከመው ተጨማሪ ስሜት ከእንግሊዝ ተራ መኖሪያ ቤት አሠራር የመጣ ነው። በዚያ የተለመደው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ፣ ታች ወጥ ቤትና ሳሎን፣ ላይ መኝታ ክፍሎችና መታጠቢያ ቤት ይኖሩታል። ከዚህ የተነሣ ስለ አንድ የቤተሰብ አባል «ሂ ኢዝ አፕስቴርስ» ሲባል በአብዛኛው መኝታ ቤቱ ነው፣ ተኝቷል፣ ወይም ብቻውን መሆን ፈልጓል ማለት ነው። ልጅን «ጎ አፕስቴርስ» ማለት ከቁጣ ጋር ሲሆን «ክፍልህ ግባና አትውጣ» የሚል ቅጣት ነው። እንግዳ ያለ ግብዣ ወደ ላይ አይወጣም፤ መጸዳጃ ቤቱ እዚያ ከሆነ ጠይቆ ነው የሚወጣው። እኛ ዘንድ «እልፍኝ» የሚለው ቃል የያዘውን የውስጥነትና የመከበር ስሜት እንግሊዞች በከፊል በዚህ ቃል ላይ ጭነውታል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖሩ አንባቢዎች ግን ቃሉ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም። «ዘ ፒፕል አፕስቴርስ» ማለት ከእኛ ራስ በላይ የሚኖሩ ጎረቤቶች ማለት ነው፤ ማለዳ በሙቀጫ ቡና የሚወቅጡት፣ በረንዳ ሲያጥቡ ውኃው እኛ የሰጣነው ልብስ ላይ የሚወርድባቸው ሰዎች። የሚገርመው በየትኛውም የዓለም ክፍል ይህ አነጋገር ከቅሬታ ጋር ነው የሚሰማው፤ «የላይኞቹ ጎረቤቶቻችን እንዴት ጸጥተኞች ናቸው» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ኃላፊዎ አነጋገር እንመለስ። ላይ መሆን ከሥልጣን ጋር መያያዙ ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም፤ «የበላይ አካል»፣ «ከላይ የወረደ መመሪያ»፣ «ላይ ይወሰናል» እያልን የምንውል ሰዎች ነን። የእንግሊዝኛው ግን በሕንፃ ታሪክ ውስጥ ያለፈ መሆኑ ይለየዋል። ሊፍት ባልነበረበት ዘመን በአውሮፓ ከተሞች ብዙ ደረጃ የሚያስወጣው ላይኛው ፎቅ የድሆችና የሎሌዎች ማደሪያ ነበር፤ ባለጸጋው የሚኖረው ከምድር ቤቱ ቀጥሎ ባለው ፎቅ ነው። ሊፍት በሌላቸው ጂ ፕላስ አራት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቻችን አራተኛ ፎቅ የደረሰው ባለ ዕጣ ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ገመዱ ቢበጠስ ሊፍቱን የሚያቆም መሣሪያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1854 በኒው ዮርክ ለሕዝብ አሳየ፤ በ1857 በዚያችው ከተማ አንድ መደብር ለሰው መጓጓዣ የሚሆን ሊፍት ገባ። ከዚያ በኋላ የፎቆች ክብር ተገለበጠ፤ ብርሃን፣ አየርና እይታ ያለው ከፍተኛው ፎቅ የአለቃ ቢሮ ሆነ። «አፕስቴርስ» የኩባንያ የበላዮች መጠሪያ ሆኖ ለመስፋፋቱ ይህ ዓይነቱ የቢሮ አቀማመጥ ምቹ መሬት ነበር። ዛሬ ግን አነጋገሩ ከሕንፃው ተላቆአል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ተናጋሪው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ተቀምጦ «አፕስቴርስ» ሊል ይችላል። ጠያቂያችን ግን ይህን አነጋገር በደብዳቤ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ፤ የአፍ ቋንቋ ነው፤ ትንሽ ምሬትም አለበት። አንድ ሠራተኛ «አፕስቴርስ ይህን ወስነዋል» ሲል ብዙውን ጊዜ «እኔ የለሁበትም» ማለቱ ነው።

ከሥልጣን ሳንወጣ «ቱ ቢ ኪክድ አፕስቴርስ» የሚባለውን አነጋገር ማንሣት ይገባል፤ ጋዜጦችን ለሚያነቡ እጅግ ይጠቅማልና። ቃል በቃል በእርግጫ ወደ ላይ መወርወር ማለት ሲሆን፣ ትርጉሙ አንድን አስቸጋሪ ሹም ከፍ ያለ ማዕረግና ዝቅ ያለ ሥልጣን ሰጥቶ ገለል ማድረግ ነው። ታሪኩ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1684 የእንግሊዙ መኳንንት ሎረንስ ሃይድ፣ የሮቼስተር ኤርል፣ ከግምጃ ቤቱ ተነሥቶ የንጉሡ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ተደርጎ በተሾመ ጊዜ፣ ተቀናቃኙ የሃሊፋክስ ማርኲስ፣ ሰው በእርግጫ ከደረጃ ወደ ታች ሲጣል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ወደ ላይ ሲጣል ግን የመጀመሪያዬ ነው ሲል ቀለደ። ሹመቱ በማዕረግ ይበልጣል፤ ገንዘቡና የመወሰን ሥልጣኑ ግን ታች ቀርቷል። በኋላ ዘመን አነጋገሩ በተለይ ከታችኛው ምክር ቤት ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ለሚዘዋወሩ ፖለቲከኞች ይነገር ጀመር። በአማርኛ «በሹመት ስም ገለል ተደረገ» ብንለው ሐሳቡ ይደርሳል። ሩቅ አገር አምባሳደር ሆኖ መሄድን በተመለከተ አዲስ አበቤዎች የሚቀልዱትን ቀልድ እዚህ መድገም አያስፈልገኝም፤ አንባቢ ያውቀዋል።

የመደብ ልዩነትን የሚመለከተው «አፕስቴርስ ኤንድ ዳውንስቴርስ» የተባለው አጠቃቀም ደግሞ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በነበሩት የለንደን የባለጸጎች ቤቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ወጥ ቤቱና የአገልጋዮቹ መመገቢያ ከመሬት በታች ባለው ክፍል፣ የጌቶቹ ሳሎንና መኝታ ከዚያ በላይ ነበር። በዚህ የተነሣ «አፕስቴርስ» ጌቶቹን፣ «ዳውንስቴርስ» አገልጋዮቹን ማለት ሆነ። ነገሩ በቀጥታ ወደ አማርኛ የማይመለስበት ምክንያት አለው። እኛ ዘንድ የቤት ሠራተኛ ማደሪያ «ሰርቪስ ቤት» በመባል በግቢው ጓሮ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራ ነው፤ ክብርና ዝቅታ የሚለካው በላይና በታች ሳይሆን በፊትና በኋላ ነው። ስለዚህ ተርጓሚ «ላይኞቹና ታችኞቹ» ብሎ ቢያልፍ አንባቢ ፖለቲካ ይመስለዋል፤ «ጌቶቹና ሎሌዎቹ» ማለት ይሻላል። በነገራችን ላይ የእነዚያ ቤቶች ገረዶች ሌሊት የሚተኙት ከሁሉም በላይ፣ ጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነበር፤ ይህ ሐቅ ግን በአነጋገሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሁለት ቀለል ያሉ አጠቃቀሞች ይቀራሉ። «ዘ ማን አፕስቴርስ» ሲባል እግዚአብሔር ማለት ነው፤ የወዳጅነት ቃና ያለው፣ በተለይ በአሜሪካ የሚዘወተር አነጋገር ነው። እኛም «እላይ ያለው ያውቃል» ስንል እንዲሁ ነው፤ ሆኖም በእንግሊዝኛው ውስጥ ትንሽ የቀልድ ቅመም ስላለበት ለስብከትም ሆነ ለሐዘን ደብዳቤ አይሆንም። «አፕስቴርስ» ጭንቅላትንም ይተካል፤ ስለ አንድ ሰው «ላይ ቤቱ ብዙ ነገር የለም» ማለት አስተዋይነት ይጎድለዋል ማለት ነው። እኛ «ቪላ» የምንለውን ዓይነት ፎቅ የሌለው ቤት እንግሊዞች «ባንጋሎው» ይሉታል፤ ከዚያም ተነሥተው ሞኝን ሰው «ባንጋሎው» ብለው ይሰድባሉ፣ ላዩ ላይ ምንም የለምና። በገንዘብ ገበያም «አፕስቴርስ ማርኬት» የሚባል አለ፤ ትልልቅ የአክሲዮን ሽያጮች በዋናው የመገበያያ አዳራሽ ሳይሆን በደላሎች ቢሮ በድርድር ሲፈጸሙ የሚሰጥ ስም ነው። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ስለጀመረ የኢኮኖሚ ዘጋቢዎቻችን ቃሉን ቢያውቁት አይጎዳም።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ማስታወቂያው ነው፤ በእኔ አስተያየት ለዚህ «አፕስቴርስ» አይሆንም። ቃሉ ትክክለኛ አድራሻ የሚሆነው ከተናጋሪው በላይ አንድ ፎቅ ብቻ ሲኖር ነው። ባለ አንድ ፎቅ ካፌ ውስጥ «መጸዳጃ ቤቱ አፕስቴርስ ነው» ቢባል እንግዳው ይደርሳል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን «አፕስቴርስ ነው» ማለት «እዚያ ማዶ ነው» እንደማለት ነው። እዚህ የሚያስፈልገው «ፍሎር» የሚለው ቃልና ቁጥር ነው።

ቁጥሩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እኛ የምንቆጥረው እንደ እንግሊዞች ነው፤ በመንገዱ ልክ ያለው «ግራውንድ»፣ ከእርሱ በላይ ያለው «አንደኛ ፎቅ» ይባላል፤ «ጂ ፕላስ አራት» የምንለው ሕንፃ በጠቅላላው አምስት ደርብ ያለው ነው። አሜሪካውያን ግን በአብዛኛው በመንገዱ ልክ ያለውን «ፈርስት ፍሎር» ይሉታል፤ ስለዚህ አንደኛ ፎቅ የተቀጠረ አሜሪካዊ ምድር ቤት ሲዞር ቢገኝ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በቸርችል ጎዳና ላይ ደግሞ ሦስተኛ ችግር ይጨመራል። ጎዳናው ከማዘጋጃ ቤቱ አንሥቶ ወደ ለገሃር የሚወርድ ቁልቁለት ስለሆነ፣ በዳገቱ ላይ የቆመ ሕንፃ በላይኛው መንገድ ሲገቡበት «ግራውንድ» የሆነው በታችኛው በር ለሚገባ ሰው አንደኛ ፎቅ ሊሆን ይችላል። ሜዛኒን የተባለው ግማሽ ፎቅ በአንዳንዱ ሕንፃ በቁጥር ይገባል፣ በአንዳንዱ ይታለፋል።

ስለዚህ የማስታወቂያው ጽሑፍ ሰው አእምሮ ውስጥ ባለው አቆጣጠር ላይ ሳይሆን ሊፍቱ ውስጥ በሚታየው ቁልፍ ላይ ቢመሠረት ይመረጣል። ቢሮዎ በሊፍቱ ቁልፍ 6 የሚደረስበት ከሆነ በሁለቱም በሮች ላይ «ሪሴፕሽን፦ ፍሎር 6። ፕሊዝ ቴክ ዘ ሊፍት ኤንድ ፕሬስ 6» ተብሎ ይጻፍ፤ «ሲክስዝ ፍሎር» ከማለት «ፍሎር 6» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ከየት ተነሥቶ ስድስተኛ የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ሁለተኛው ግን በግድግዳው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር የሚመሳከር ስም ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ከቆመ፣ በእያንዳንዱ የደረጃ መታጠፊያ ያው ቁጥር በጉልህ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ በታችኛው በር ለሚገቡትም ከሌሎቹ አንድ ደርብ እንደሚጨምርባቸው አስቀድሞ ቢነገራቸው መልካም ነው።